የየሺአረግ ትንፋሽ

ጋምቤላ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለማከብርሽ እህቴ ለዶክተር ቤርሳቤ፤

የጎሬዋ ማርያም ካለሽበት ትጠብቅሽ፤ ሰላምታዬም እንደ ክረምት ባሮ ሞልቶ ይድረስሽ። እኛ ከሙቀቱ በቀር የሚከፋ ነገር የለብንም። እኔ ያው ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የሰው ልጅ አስሮጣለሁ። ባለቤቴ ሺታዬም እጅ ትነሳሻለች።

ዝምታው ረዘመ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። ሰው ብዕር የሚያነሳው ወይ ደስ ሲለው ወይ ሲጨንቀው ነው፤ እኔን ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝ። ደስታውን ላስቀድም። እንግዲህ እኛም ክልል ሆነናል። ምክር ቤቱ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ ነው፤ ወንበር ያልደረሰው ኃላፊ ግን እስካሁን በረንዳ ላይ ቆሞ ይፈርማል። ዘንድሮ በራሳችን ስም የአትሌቲክስ ቡድን አዲስ አበባ ለአገር አቀፍ ውድድር እንልካለን። ምርጫው ከፋሲካ በኋላ እዚሁ ሜዳችን ላይ ነው። በሴቶች ሦስት ሺህ ሜትር ሁለት ልጆች ይወሰዳሉ። ልጄ የሺአረግ፣ ያኔ ለእረፍት መጥተሽ ስትሄጂ ወገብሽ ጋ የነበረችው፣ አሁን እኔን ቁልቁል ታየኛለች። ከሁለቱ አንዷ እሷ ናት። አባት ስለሆንኩ አይደለም የምለው። ልጅቷ ትሮጣለች!

ጭንቀቱ ደግሞ ይኸውልሽ። ከመስከረም ወዲህ ሮጣ ስትጨርስ ደረቷ ያፏጫል። ሲብስባት ጉልበቷን ይዛ ትጎነበሳለች፣ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ቃል አይወጣትም። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። አስም ነው አሉና ኪኒን ሰጥተው፣ «ሩጫ ይቅርባት» ብለው ሸኙን። ይቅርባት ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። እሷ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀምስ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። «አባዬ፣ ካልሮጥኩ እዚህ ከተማ ውስጥ ምን ልሁን?» ብትለኝ ወረቀትና ብዕር አነሳሁ።

አንቺ የሳንባ ሐኪም ቤት ነው የምትሠሪውና እውነቱን ንገሪኝ። የእውነት መሮጥ አትችልም? በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እዚህ አላገኘሁም። ብቻ ለጎሬ ዘመዶች አንድ ቃል እንዳትጽፊ አደራ። ወሬው ዞሮ ከምርጫ ኮሚቴው ጆሮ ከገባ አለቀልን።

መልስሽን መንገድ መንገድ እያየሁ እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ዘውዱ


ላይፕዚግ፣ ኅዳር 5 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ ዘውዱ፤

እርስዎን፣ እትዬ ሺታዬን፣ የሺንና ትንሹን ባንተአምላክን አንድ ጣራ ሥር በጤና ያኑርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ገብቷል፤ የእናንተን ሙቀት በፖስታ ብትልኩልኝ አልጠላም ነበር።

በመጀመሪያ እባክዎ ዶክተር አይበሉኝ። ነርስ ነኝ። እዚህ አገር ሰው ያልሆነውን ነኝ ካለ ይከሰሳል። እናቶቻችን የአክስትማማች ልጆች ቢሆኑም እኔ ያደግኩት እናትዎ ጓዳ ነውና ለርስዎ ቤርሳቤ እበቃለሁ።

የሺ መሮጥ ትችላለች። ይህን ዛሬውኑ ይንገሯት። አስም ይዞት የሚሮጥ፣ የሚዋኝ፣ ሜዳሊያ የሚያጠልቅ ሰው ብዙ ነው፤ እኛም ጋ የሚመላለሱ ሯጮች አሉ። ስትሮጥ ብዙ አየር በአፏ ስለምትስብ የአየር ቧንቧዋ ይቆጣና ይጠባል፤ ፉጨቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ከተቀመጠችበት ተነስታ አትፈትለክ። ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ ሰውነቷን ታሙቅ። የላክሁላትን የሚሳብ መድኃኒት ከሩጫው ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብላ ሁለት ጊዜ ትሳብ፣ ስባም ትንፋሿን ጥቂት ትያዝ። ልምምድ ላይ ፉጨቱ ከጀመራት ትቁም። ከሁሉ በላይ መድኃኒቱ ከእጇ አይራቅ። ቤት የተቀመጠ መድኃኒት ሜዳ ላይ አያድንም።

ሌላ ደግሞ አለ። ይህ መድኃኒት በውድድር የሚፈቀደው አስቀድሞ ከተነገረ ነው። የእዚያው ሐኪም አስም መሆኑን ጽፈው ይፈርሙላት፤ እኔም ስለ መድኃኒቱ የሚገልጽ ወረቀት ልኬያለሁ። ሁለቱን ለኮሚቴው ይስጡ። ተደብቆ ከተወሰደ ማጭበርበር ይባልባታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የነበሩት እናትዎ አይደሉም?

ሲጀምራት አጠገቧ ምን አለ? አቧራ? የሲጋራ ጭስ? ብርድ? አስተውለው ይጻፉልኝ።

ባንተአምላክስ? ትምህርት ቤት ገባ? በገዛ እጄ ያዋለድኩትን ልጅ ሳያነሱ ደብዳቤ መዝጋትዎ ገርሞኛል። ባለቀለሞቹ እርሳሶች የእሱ ናቸው። ዕቃውን እዚህ ያለው ወዳጃችን ያዕቆብ ለእረፍት ሲገባ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ነጋዴው ሷሊህ ተቀብሎ ያመጣላችኋል።

በጉንጮቻቸው ሳሙልኝ።

እህትዎ ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዶክተር ቤርሳቤ (ለጎሬ ሰው ዶክተር ነሽ፤ ጀርመኖቹ ይክሰሱኝ)፤

ምስጋናዬን የሚችል ወረቀት የለም። ሷሊህ መድኃኒቱን ከጨርቅ ጥቅል መሐል አውጥቶ ሲሰጠኝ ልስመው ምንም አልቀረኝ። የሺ እንዳልሽው ሳበች፣ አሙቃ ሮጠች፣ ጨርሳም ቆማ ሳቀች። ከባሮ ድልድይ ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ማለዳ ማለዳ እሷ ትሮጣለች፣ እኔ በብስክሌት እከተላለሁ። የሚያፏጨው አሁን እኔ ነኝ። መድኃኒቱን ፊሽካ ብለነዋል፤ ቅርጹም አፍ ላይ አያያዙም ያው ነው። እርሳሶቹም ደርሰዋል።

ስለ ወረቀቱ ግን አትቆጪኝ። ሐኪሙ ፈርሞልኛል፤ ያንቺም ሳጥን ውስጥ ነው። አልሰጠሁም። አልሰጥምም። አንቺ እዚያ ሆነሽ ኮሚቴ ስትዪ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌዎች ይታዩሽ ይሆናል። የኛ ሰው አስም ሲሉት የሳንባ ነቀርሳ ነው የሚሰማው። የአቦቦዋ ደመቀች አለች፣ ከኢታንግ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። «የታመመች ለምን እንልካለን?» ለማለት ማን ይቸገራል? ቦታው ሁለት ነው። አንዴ ስሟ ከተጻፈ ያኔ እናወራለን።

ሲጋራ ላልሽው፣ እኛ ቤት የሚያጨስ የለም። ብርድማ ከየት ይመጣል? አቧራው ግን አይታጣም። የሚገርመኝ ሜዳ ላይ ደህና ሆና ሌሊት ማሳሏ ነው። በተለይ ሺታዬ ምሽት ላይ ለትንኙ ኩበትና የኒም ቅጠል ስታጨስ፣ የሺ እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ስታጠና ካመሸች ሳሉ ያድርባታል። ድካም ይሆናል።

አንድ ፊሽካ ሊያልቅ ነው። ቢቻልሽ ጨምሪልን።

ወንድምሽ ዘውዱ


ላይፕዚግ፣ ጥር 4 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ ጋሼ፤

የገናው በረከት አይለያችሁ። ዛሬ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ፤ ደብዳቤዎን ባነበብኩ ጊዜ ከወንበሬ ነው የተነሳሁት።

ጋሼ ዘውዱ፣ ኩበት? ቤት ውስጥ? የሳንባ በሽተኛ ልጅ ጭስ መሐል አስቀምጣችሁ ነው ሌሊት ለምን አሳላት የምትሉኝ? እኔ ስለ ሲጋራ ጭስ ስጠይቅዎ እርስዎ ጓዳ ሙሉ ጭስ ይዘው «የሚያጨስ የለም» ይሉኛል! ከዚህ የምልከው መድኃኒት ማታ የተዘጋውን ጠዋት ለመክፈት ብቻ ከሆነ ምን ጠቀማት?

እሳቱ ይጥፋ። ዛሬውኑ። እትዬ ሺታዬን አከብራታለሁ፣ ግን ሐኪም ቤት አጠገብ እየኖረች እንደ ጥንቱ ኩበት ታጨሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ባላገርነቱ ይቅርብሽ ብላለች ይበሏት። ልጅቷ እንድትሮጥ የምንፈልግ ከሆነ ከጭሱና ከሩጫው አንዱን መምረጥ ነው።

ሁለት መድኃኒት ጨምሬያለሁ። ስለ ወረቀቱም አልለቅዎትም።

ደግሞ አሁንም ስለ ባንተአምላክ አንድ ቃል አልጻፉልኝም። ተቀይሞኝ ነው? እርሳሱን አልወደደውም?

እህትዎ ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ ጥር 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤርሳቤ፤

ጤና ይስጥልኝ። ያልሽው ሆኗል። ደብዳቤሽን ለሺታዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የመጨረሻውን መስመር ትቼ ማለቴ ነው። ተነስታ ውኃ በጣሳ ቀዳችና ፍሙ ላይ ደፋችው። ከዚያ ወዲህ ከኔ ጋር የምትነጋገረው «እራት ቀርቧል» በማለት ብቻ ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ግን ልጅቷን ብታያት! ሌሊት ሳሉ ጠፋ። ትናንት ከወንዶቹ ጋር አስሩጬያት ሁለቱን ጥላቸው ገባች። ሰዓቱን አይቼ ሰዓቴ የተበላሸ መስሎኝ ነቀነቅኩት። እውነትም ዶክተር ነሽ።

ይህን ሳልልከው አቆይቼው ነበር፤ የፖስታ አውሮፕላኑ ቀርቶ።

የካቲት 18። ቤርሳቤ፣ የሺ ወባ ያዛት። ሲያንዘፈዝፋት አልጋው ይንቀጠቀጣል። ከመርፌ ወደ ኪኒን አዙረውላታል፤ ትኩሳቱ ግን ወጣ ገባ ይላል። እናቷ ከአጠገቧ አልተነሳችም። እኔ ግንባሯን ልነካ ስጠጋ እጄን ገፋችው። ከዚያ ጀምሮ ሜዳውም ትምህርት ቤቱም ጠፍቶብኛል። ትንኙ እንደ ልቡ ገብቷል፤ የሚያባርረው አልነበረማ። ያንቺን ወረቀት ሰምቼ ነው ይህን ያደረግኩት። መድኃኒት አሁን አልጠይቅሽም። ከወባ የተነሳ ሯጭ መቼ ነው የሚሮጠው? እሱን ብቻ ጻፊልኝ። ምርጫው እየቀረበ ነው።

ዘውዱ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ውድ ጋሼና ውድ እትዬ ሺታዬ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ከእናንተ ገና ምንም አልደረሰኝም፤ ያዕቆብ ግን ለአንድ ሳምንት ሥራ አዲስ አበባ ስለሚመለስ ዕድሉን ልጠቀም ብዬ ነው። ያለፈው ደብዳቤዬ ቁጣ በዝቶበታል። እትዬ፣ የጎሬ ምላስ መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ ይቅር በይኝ። ጭሱ ጠፍቶ የሺ እንደ ሚዳቋ እየፈነጠዘች እንደሆነ በልቤ አውቄዋለሁ።

ለባንተአምላክ ጫማ ገዝቻለሁ። ቁጥሩን በግምት ነው። የሥራ ባልደረቦቼን የስድስት ዓመት ልጆች ሁሉ እግር ስለካ ሰነበትኩ፣ አበደች ብለዋል። ሲያደርገው ፎቶ አንሱትና ላኩልኝ። ከተወለደ ጀምሮ አንድ ፎቶ ነው ያለኝ፤ እሱም ቢሆን እያለቀሰ ነው።

የናንተው ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ የካቲት 30 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤርሳቤ፤

እግዚአብሔር ያበርታሽ። ይህን ደብዳቤ በያዕቆብ አድራሻ የላክሁት እሱና ባለቤቱ ካንቺ ጋር ተቀምጠው እንዲሰጡሽ ነው። አሁን ብቻሽን ከሆንሽ እጠፊውና ጥሪያቸው።

ባንተአምላክ የለም። ባለፈው ነሐሴ ወባ ወሰደብኝ። ጠዋት ግቢ ሲሮጥ የነበረ ልጅ ትኩሳቱ ራሱ ላይ ወጣና በማግስቱ አጣሁት።

ዘውዱ መርዶ በወረቀት አይነገርም አለ። ሰው አገር ብቻዋን እንዴት ታለቅሳለች፣ ማንስ ይይዛታል፣ ስትመጣ አስቀምጠን እንነግራታለን አለ። ወጉ እንደዚያ ነውና እኔም ዝም አልኩ። አንቺ ግን በየደብዳቤሽ ጠየቅሽ፣ እሱ በየደብዳቤው ዘለለው። ከዚያ ጫማው መጣ። ልክ ይሆነው ነበር።

ኩበቱን የማጨሰው ባላገርነት ይዞኝ አይደለም። እሱ በታመመበት ሰሞን ዝናቡ ኩበቱን አርሶት ቤታችን ጭስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጭስ የሌለው ምሽት አሳልፌ አላውቅም ነበር። አጥፊው ስትይኝ ምን እንዳጠፋሽብኝ አላወቅሽም፤ ብታውቂ ኖሮ በሌላ አፍ ትነግሪኝ ነበር። የሺ ስትንዘፈዘፍ ደግሞ ሁለቱም ሊሄዱብኝ ነው ብዬ አንቺንም ዘውዱንም ረገምኩ። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው። አሁን ስጽፈው ቀለለኝ።

የሺ ተነስታለች። ትኩሳቱ ለቋታል። ጎረቤታችን ኛዳክ ልትጠይቃት መጥታ፣ «ትንኝ ጭስ ብቻ አይፈራም፣ እኛ ወንዝ ዳር አጎበር ውስጥ ነው የምንተኛ» ብላ ይዛኝ ገበያ ሄደች። አቡጀዲ ገዝተን በእጃችን ሰፋነው። አሁን የሺ አጎበር ውስጥ ትተኛለች፣ እኔም ኩበቴን ከግቢው ጥግ፣ ነፋሱ ከቤት በሚያርቅበት በኩል አጨሳለሁ። የንስሐ አባቷ እስክትበረታ ከጾሙ ፈተዋታል።

ጫማውን አልመልስልሽም። ከልብሱ ጋር አስቀምጬዋለሁ።

ዘውዱ መጻፌን አያውቅም። ወረቀቱንም ለኮሚቴው አልሰጠም። እኔን አይሰማም፤ አንቺ ጻፊለት።

ሺታዬ


ላይፕዚግ፣ መጋቢት 24 ቀን 1987 ዓ.ም.

እትዬ ሺታዬ፤ ጋሼ ዘውዱ፤

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን ቃል ከሰው ሁሉ ኋላ መጥቼ ስለው አፈርኩ።

ያዕቆብና ሚስቱ እሑድ በማለዳ፣ ጥቁር ነጠላዋን ለብሳ ደጄ ላይ ሲቆሙ ሳይነግሩኝ ገባኝ። የኛ ሰው በዚያ ሰዓት ለደግ አይመጣም። እናቴን መስሎኝ ነበር። ባንተአምላክ ይሆናል ብሎ ልቤ አልጠረጠረም። ጎረቤቶቼ ፖሊስ ሊጠሩ እስኪደርሱ አለቀስኩ። እትዬ፣ እግርሽ ሥር ወድቄ ይቅርታ የምጠይቅበት ቀን ይምጣልኝ።

ጋሼ፣ እርስዎን ግን ተቀይሜዎታለሁ። ለእኔ አዝነው ዝም ማለትዎን አውቃለሁ፤ ወጉንም አውቀዋለሁ፣ እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ይሆናል። ነገር ግን እርስዎ ዝም ባሉበት ቦታ እኔ ዘው ብዬ ገባሁ። ልጇን ወባ የነጠቃትን እናት እሳትሽን አጥፊ አልኳት። ወባ በልጁ ጨክኖ እንደነበር ባውቅ ጭሱን ከማስጠፋቴ በፊት አጎበር እልክ ነበር። ሌላ ምን ልበል!

ስለ የሺ የጠየቁኝን ልመልስ። ወባ ደሟን አውርዶታልና አትቸኩል። መጀመሪያ በእግሯ ትሂድ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ጉልበቷ ሲመለስ ብቻ ፈጠን ትበል። ምስር፣ ጎመን፣ ሎሚ አይታጣባት፤ ከጾሙ ከተፈታች ጉበትና ሥጋም ትብላ። ደሟን አሳዩላት። ትኩሳት ከተመለሰ ያለ ምርመራ እንዳትሮጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ወረቀቱን ደግሞ ይስጡ። ባንተአምላክን ከእኔ ደበቁ፣ የሺን ከኮሚቴው ደበቁ። ልጅቷ የሚያሳፍር ነገር እንደያዛት እየመሰላት ነው የምታድገው። ይህን ከርስዎ አልጠብቅም።

ቤርሳቤ


ጋምቤላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለእህቴ ለቤርሳቤ፤

ትንሣኤው ለአንቺም ለኛም የመጽናናት ይሁን። ደብዳቤሽን አንብቤ አጠፍኩት፤ ብዙ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ምርጫው ቅዳሜ ሚያዝያ 21 ነበር። ወረቀቱን አልሰጠሁም። ይባስ ብዬ ጠዋት ላይ የሺን፣ «እዚሁ ቤት ሳቢና ፊሽካውን ሳጥኑ ላይ ተይው፣ ሜዳ ላይ ሰው እንዳያይብሽ» አልኳት። ቤት የተቀመጠ መድኃኒት ሜዳ ላይ አያድንም ብለሽ የጻፍሽልኝን ረስቼው አይደለም። ከዚህ በኋላ አንዲት ቀን ናት፣ አንዲት ቀን ትለፍ ብዬ ነው። ልጅቷም ታዘዘችኝ።

አሙቃ ስትጨርስ የክብር እንግዳው ንግግር ጀመሩ። ስለ ክልላችን ወጣት ያልተናገሩት የለም። ሯጮቹ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ላባቸው ደረቀ፣ ከባሮ በኩል የተነሳው ነፋስ የሜዳውን አቧራ አፋቸው ውስጥ ከተተው። ፊሽካዬን ነፍቼ ንግግሩን ላስቆም ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ ተለቀቁ። የኢታንጓ ልጅ ከመጀመሪያው መራች፤ የሺና ደመቀች ተያይዘው ተከተሉ። መጨረሻው ዙር ላይ የሺ አፏን ከፍታ ሳያት ገባኝ። ቢሆንም አልቆመችም። ደመቀችን በክንድ ርዝመት ቀድማ ሁለተኛ ገባች፣ ከመስመሩ አልፋ ትንሽ ተራመደችና ወደቀች።

«ጣላት! ጣላት! ክብሪት!» አሉ። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ የወደቀ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት። ሦስት አራት ሰው ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ደቀነ። ሕዝቡ አየሩን ዘጋባት። ልጄ በዓይኗ እኔን እየፈለገች ነው። እኔ ግን አስም ነው ካልኩ ተሰረዘች፣ ዝም ካልኩ ሞተች ብዬ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ቤርሳቤ፣ የቆምኩት ትንሽ ነው፤ ግን ቆሜያለሁ። እስክሞት የማልረሳው እሱን ነው።

ሺታዬ ከሴቶቹ በኩል መጣች። እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። የመጀመሪያውን ሰው እጅ በጥፊ መታችው፣ ክብሪቱ ከነእሳቱ ወደቀ።

«ጭስ አታሳዩአት! አስም ነው! ልጄ አስም አለባት፣ ዞር በሉላት!»

መቀነቷን ፈታች። ፊሽካው እዚያ ውስጥ ነበር። ጠዋት እኔ ሳጥን ላይ አስቀምጪ ያልኩትን እሷ አንስታ ቋጥራው መጥታለች። የሺን ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ ደገፈቻት፣ አንዴ አሳበቻት፣ ቆየችና ደገመቻት። ያ ሁሉ ሕዝብ የአንዲት ልጅ ደረት ሲወጣና ሲወርድ ቆሞ አየ። የከንፈሯ ቀለም ሲመለስ ሺታዬ ቀና አለችና ኮሚቴውን፣ ክብሪት የያዙትን፣ እኔንም አየችን።

«አንዱን ልጄን በወባ ቀብሬያለሁ» አለች። «ይህችን በሰው እፍረት አልቀብርም።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦጁሉ የሚባል ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነው። ፊሽካውን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና ወደ እኔ መጣ።

«አስተማሪ፣ ይሄ ወረቀት አለው?»

«አለው።»

«የት ነው?»

«ቤት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ከገና በፊት ጀምሮ አልኩት። «አንተ በሽታ ደበቅክ። ልጅ ሩጫ አልደበቀችም» አለኝ። «ሂድ አምጣ። አሁን። ሳንበተን።»

ሮጥኩ። በዚህ ሆዴ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ እያዩኝ። ስመለስ ለእኔም አንድ ፊሽካ ያስፈልገኝ ነበር። ኮሚቴው ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሁለቱን ወረቀት አነበበ። አንዱ ባይሆን ደመቀች ትሂድ አለ፣ ሌላው ሐኪም ይጠየቅ አለ፤ ሐኪሙንም ከቤቱ አስጠርተው ጠየቁት። እሱም ሩጫ ይቅርባት ያለውን ትቶ፣ መድኃኒቱን ከያዘች ትሩጥ አለ። ይህን የጻፈችው ማናት ብለው ያንቺን ወረቀት ሲያሳዩኝ፣ ዶክተር ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «ነርስ ናት፣ እህቴ ናት» አልኩ። የሺአረግ ዘውዱ ተብሎ ተጻፈ፤ ከጎኑም «አስም፣ መድኃኒት ተፈቅዷል» ተብሎ።

ትናንት ቡድኑ ሄደ። መኪናው ሳይነሳ ሺታዬ ፊሽካውን በጥቁር ክር አሰረችና ከየሺ ማተብ አጠገብ አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። የሺ ቱታዋ ውስጥ ልትከተው ስትል፣ «ተይው፣ ላዩ ላይ ይሁን» አለቻት። ሰው ሁሉ እያየ ሄደች። አጎበሯም ሻንጣዋ ውስጥ ናት፤ አዲስ አበባ ወባ የለም ብለናት አልሰማችንም።

ማታ ሺታዬ ከግቢው ጥግ ኩበቷን ስታያይዝ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጭሱን እያየን ስለ ባንተአምላክ አወራን። ከቀበርነው ወዲህ ስሙን ጠርቼ ያወራሁት ያን ማታ ነው። እኔ ላንቺ ያዘንኩ እየመሰለኝ ለካ ለራሴ ነበር የደበቅኩት፤ ካልጻፍኩት ያልሆነ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ትምህርት ቤት ገባ ወይ ብለሽኝ ነበር። አልገባም። መስከረም ላይ ሊገባ ደብተሩን ገዝቼለት ነበር። የሺን ሳስሮጥ ከኋላ እየተከተለ፣ «እኔንም ሰዓት ያዝልኝ» ይለኝ ነበር። በግቢያችን ዙሪያ ሲሮጥ አንድ ቀን የምር ያዝኩለት። ጎበዝ ነበር። እርሳሶችሽን ቢያገኝ ደስ ይለው ነበር።

ወንድምሽ ዘውዱ